ተማሪዎቼ አሁን ምንም ነገር አያምኑም፤ ምን ላድርግ?

ጠመኔ፦
ሰላም መምህራን። 8ኛ ክፍል አስተምራለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሐሰተኛ መረጃ እንዴት እንደሚለይ ሳስተምር ነበር። በጎርፍ በተጥለቀለቀ መንገድ ላይ የሚዋኘውን ሻርክ አሳየኋቸው፤ ያ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከባድ ጎርፍ በመጣ ቁጥር የከተማው ስም እየተቀየረ የሚመላለሰው የተቀናበረ ፎቶ። በጣም ወደዱት። ትናንት ግን እውነተኛ ዜና ሳነብላቸው አንዷ ገና ርዕሱን እንደሰማች «ቲቸር፣ ይሄም ውሸት ነው» አለች። ለምን ስላት «ሁሉም ይዋሻል» ብላ ደብተሯን ዘጋች። ደነገጥኩ። እኔ የፈለግኩት እንዲጠይቁ ነው እንጂ ጆሯቸውን እንዲደፍኑ አይደለም። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ማኅደር፦
እህቴ፣ እኔም ደርሶብኛል። የምናሳያቸው ሁሉ ውሸት ከሆነ መልሱን ሳያነቡ ያውቁታላ! አሁን እኔ ከማቀርበው ግማሹ እውነት ነው፤ በተለይ ለማመን የሚከብድ እውነት እመርጣለሁ። «ውሸት ነው» ያለም «እውነት ነው» ያለም ምን አይቶ እንዲያ እንዳለ ያሳያል። በግምት ቢያገኘው ማርክ የለውም።

ፊደል፦
ማኅደር ልክ ነው። ግን ገጹ ላይ ማፍጠጥ ብቻ አይበቃም። በ2017 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ተመራማሪዎች የታሪክ ምሁራንን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና መረጃ አጣሪ ባለሙያዎችን በድምሩ 45 ሰዎች አወዳድረው ነበር። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ብዙ ጊዜ ባማረ አርማና ገጽ ተሸወዱ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ብዙም ሳያነቡ ሌላ ታብ ከፍተው «ይሄን ያወጣው ማነው? ሌሎችስ ስለሱ ምን ይላሉ?» ብለው ፈለጉ፤ ቶሎም እውነቱ ጋ ደረሱ። ይሄ በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው። 15 ደቂቃ ስጪያቸውና መጨረሻ ላይ «ታዲያ የትኛውን አመናችሁ?» በያቸው። ይሄ ጥያቄ እንዳይቀር አደራ።

ብዕር፦
ራሳቸውም ይጻፉ። 2 ለ 2 ስላለቀ ጨዋታ ለሁለቱ ቡድን ደጋፊዎች ርዕስ አስወጣኋቸው። አንዱ «ከሽንፈት ተረፍን»፣ ሌላው «ድላችንን ተነጠቅን»። ሁለቱም አልዋሹም። የቃል ምርጫ ምን እንደሚሠራ ያኔ ገባቸው።

ጠመኔ፦
ተባረኩ። ለካ መጠርጠርን እንጂ ማጣራትን አላስተማርኩም። ነገ ያቺን ልጅ ከጓደኛዋ ጋር አጣምሬ ደብተሯን የዘጋችበትን ዜና ራሷ እንድታጣራው እሰጣታለሁ። ውሸት ሆኖ ካገኘችው ማስረጃዋን ይዛ ትምጣ፤ እሰማታለሁ።