የጋራዥ በራችን ልጄን እየቀሰቀሰብኝ ነው፤ የትኛውን ሞተር ልግዛ?

የማታ ተረኛ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጉዳዩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጥቼበታለሁ። የምሠራው ማታ ማታ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ቤት እደርስና ሪሞቱን እጫናለሁ። በሩ ሲነሳ ቤቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። የልጄ መኝታ ክፍል ደግሞ ልክ ከጋራዡ በላይ ነው። ገና የ8 ወር ሕፃን ናት። ከመኪናው ሳልወርድ ለቅሶዋ ይሰማኛል። ባለቤቴ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስታ ሥራ ገቢ ናት፤ ዓይኗ ቀልቶ ሳያት ያሳዝነኛል።

ሞተሩ ቤቱን ስንገዛ የነበረ፣ በሰንሰለት የሚጎትት ነው። አንድ ሠራተኛ ጠርቼ አሳየሁት። አምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። «ጉልበት አንሶታል፣ ትልቅ ሞተር ይግባለት» ብሎኝ ሄደ። ሱቅ ብሄድ ደግሞ ዓይነቱ ብዛቱ! ባለ ሰንሰለት፣ ባለ ቺንጋ፣ ግድግዳ ላይ የሚታሰር፣ በስልክ የሚታዘዝ። የምታውቁ ምከሩኝ፣ አደራ።

በር ጠጋኙ፦
ወንድሜ፣ እንጀራዬ ይሄው ነውና ልንገርህ። በሩን የሚያነሳው ሞተሩ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክብደቱን የሚሸከመው ከበሩ በላይ ባለው ዘንግ ላይ የተጠመጠመው ሞላ ነው። ሞላው ጤነኛ ከሆነ ያንን ሁሉ ብረት በአንድ እጅህ ታነሳዋለህ። ሞተሩ መጎተትና መግፋት ብቻ ነው ሥራው።

ስለዚህ ሱቅ ከመመለስህ በፊት በሩን ፈትሽ። መጀመሪያ በሩን ዝጋው። ሞተሩ በሩን በሚጎትትበት ሐዲድ ላይ የተንጠለጠለውን ቀይ ገመድ ሳብ፣ በሩ ከሞተሩ ይላቀቃል። በእጅህ እስከ ወገብህ ድረስ አንሳውና እጅህን ሳታርቅ ቀስ ብለህ ልቀቀው። ባለበት ከቆመ ሞላው ደህና ነው። ቁልቁል ከሄደ ግን ሞላው ደክሟል፤ የሚቀይርልህ ባለሙያ ጥራ። እግርህን ከሥሩ አርቅ። በሩ ክፍት እያለ ደግሞ ገመዱን እንዳትስበው፤ ሞላው ተሰብሮ ከሆነ በሩ እንዳለ ይወርድብሃል።

ሞላ ዕድሜ አለው። በብዛት የሚገጠመው 10,000 ጊዜ ያህል ተከፍቶ እንዲዘጋ ተብሎ የተሠራ ነው። በቀን አራት ጊዜ የሚከፍት ቤት ሰባት ዓመት ሳይሞላው ይጨርሰዋል። በደከመ ሞላ ላይ ትልቅ ሞተር ብትጭን ጥቂት ጊዜ ይጎትትልህና እሱም ይቃጠላል። ያ ሠራተኛ ሳይፈትሽ መሄዱ አናዶኛል።

አሁን ወደ ምርጫው። ሰንሰለት ርካሽና ጠንካራ ነው፣ ግን ይጮኻል። ሰው የማይተኛበት፣ ከቤቱ ተነጥሎ የተሠራ ጋራዥ ቢሆን ሰንሰለት ይበቃሃል እልህ ነበር። ቺንጋ ውስጡ የተጠናከረ ጎማ ነው፤ ብረት ከብረት ስለማይፋጭ ድምፁ በጣም ይቀንሳል። ዲሲ ሞተር (በቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት የሚሠራ) ያለው ከሆነ ደግሞ ሲነሳም ሲቆምም ቀስ ይላል፣ በሩን አያንገጫግጭም። ጉልበቱን በተመለከተ፣ ለተለመደው ቀላል የብረት በር ግማሽ የፈረስ ጉልበት ይበቃል። ሁለት መኪና የሚያስገባ የእንጨት በር ከሆነ ሦስት አራተኛ ውሰድ። ቁመቱንም ለካ። በሳጥኑ ውስጥ የሚመጣው ሐዲድ አብዛኛውን ጊዜ ለ7 ጫማ በር ነው። የአንተ 8 ጫማ ከሆነ ማራዘሚያ ለብቻ ትገዛለህ።

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔ ከድምፁ ይልቅ ስለ ልጅቷ ልናገር። ነገ ዳዴ ማለት ትጀምራለች። እዚህ አሜሪካ ከ1993 ወዲህ የተሠራ ሞተር ሁሉ፣ የሚያግደው ነገር ካለ በሩን መልሶ የሚያነሳ መከላከያ ሊኖረው ግድ ነው። በሩ ግራና ቀኝ፣ መሬት አካባቢ፣ በሩ ሥር የገባ ነገር የሚያዩ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች (ሴንሰሮች) አሉ አይደል? ከመሬት ከ15 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ ማለት የለባቸውም። ከፍ ካሉ የተኛ ልጅ በሥራቸው ያልፋል። አሮጌው ሞተርህ እነዚህ ከሌሉት ሌላ ምክር አያስፈልግህም፣ ቀይረው።

በየወሩ ደግሞ ጠፍጣፋ እንጨት ከበሩ ሥር አጋድመህ ዝጋ። እንጨቱን ነክቶ ወዲያው መመለስ አለበት። እኔ አንድ ቀን በሩ አልዘጋም አለኝ፣ ጠዋት ሥራ ረፈደብኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ አንደኛው ዓይን ላይ የሸረሪት ድር ተጋርዶበታል። በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩት፣ ተዘጋ። የግድግዳውንም ቁልፍ ልጅ በማይደርስበት፣ ከ1.5 ሜትር በላይ አስደርገው።

ናፍቆት፦
ይሄን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። የእኔ በር ጸጥ ያለ ነው፤ ጸጥ ማለቱ ነው የከበደኝ። ሪሞት እጫናለሁ፣ ገባ እላለሁ፣ ከኋላዬ ይዘጋል። ከመኪና ወደ ሳሎን። የጎረቤቴን ፊት ካየሁ ወር አልፎኛል። ሀገር ቤት በር ሲንኳኳ «ማነው?» የሚል ሰው ነበር።

በዚያ ላይ ባለፈው በቪዲዮ ስደውል ወንድሜ በሩን አየብኝ። «ለግቢያችን እንደዚህ ያለ ላክልን፣ አባባ በር ለመክፈት መነሳት አቅቶታል» አለ። ሁለት ሥራ ነው የምሠራው። የላክሁት ገንዘብ ገና ከባንክ ሳይወጣ ሌላ ይጠየቃል። የአባቴ ጉልበት ግን እውነት ነው። እንዴት እምቢ ልበል?

በር ጠጋኙ፦
ናፍቆት፣ አባትህን እግዜር ይማርልህ። ግን ይሄንን ዕቃ እንዳትልክ። የእዚህ ሞተር በ120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚሠራ ነው፤ ሀገር ቤት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ደግሞም ከጣሪያ ሥር የሚታሰር እንጂ ዝናብ የሚችል አይደለም። የግቢ በር የራሱ ሞተር አለው። በጎን የሚንሸራተት ከሆነ ሌላ፣ እንደ መስኮት የሚከፈት ከሆነ ሌላ። እዚያው ቢገዛ መለዋወጫም ጠጋኝም በቅርብ ያገኛሉ።

ራሴ እችላለሁ፦
ለምንድን ነው ሰው ሁሉ ባለሙያ ጥራ የሚባለው? ሞላ ማጥበቅ ምን ይከብዳል? እኔ ቪዲዮ አይቼ በትልቅ መፍቻ ራሴ አጠበቅኩት። አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። እዚህ ሀገር ሁሉም ነገር ሰው ካልከፈለ አይሆንም ተብሎ ነው ገንዘባችን የሚያልቀው። ያ ገንዘብ ለናፍቆት አባት ስንት ነገር ያደርግ ነበር።

በር ጠጋኙ፦
ወንድሜ፣ ይሄን ለሰው አትምከር። ሞተሩን ራስህ ግጠም፣ ሮለሩን ራስህ ቅባ፣ እኔው አሳይሃለሁ። ሞላውን ግን ተወው። የተጠመጠመ ሞላ የበሩን ሙሉ ክብደት አምቆ ነው የተቀመጠው። ለሞላ ማጥበቂያ የተሠራውን ብረት ሳትይዝ በመፍቻ ስትነካው ካመለጠህ መፍቻው ፊትህ ላይ ነው የሚያርፈው። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ሁለት ጣቱን ያጣው በዚህ ነው። ያን ቀን እኔም ነበርኩ።

ራሴ እችላለሁ፦
ስለ ልጁ አዝናለሁ። ግን ጥንቃቄ ያደረገ ሰው ምንም አይሆንም።

የሦስት ልጆች እናት፦
አንተ አልሆንክም። ይሄን የሚያነበው ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ፣ እንቅልፍ ያጣ አባት ነው። ለእሱ ነው የምትመክረው፣ እስኪ አስብ።

የማታ ተረኛ፦
ተባረኩ ሁላችሁም። ዛሬ ከሥራ እንደመጣሁ ሞከርኩት። ቀዩን ገመድ ስስብ በሩ ተላቀቀ። ለማንሳት ሁለት እጄን ፈለገ፣ ጀርባዬ ተሰማኝ። ወገቤ ላይ አድርሼ ላላ ሳደርገው ቁልቁል ወረደ፣ እንደምንም ያዝኩት። ሞላውን ቀና ብዬ ሳየው ዝጓል። ዓይኖቹ አሉት፣ ሁለቱም ግን ጉልበቴ አካባቢ ነው የታሰሩት። ዛሬውኑ አወርዳቸዋለሁ። ሞላውን የሚቀይር ሰው ለቅዳሜ ቀጥሬያለሁ። እስከዚያ መኪናዬን ውጭ አቆማለሁ።

ያልገባኝ አንድ ነገር ቀረ። ሞላው ከተቀየረ በኋላ ቺንጋ ላድርግ ወይስ ግድግዳ ላይ የሚታሰረውን? ኮርኒሱ እኮ የልጅቷ ወለል ነው።

በር ጠጋኙ፦
የግድግዳው ኮርኒሱን ስለማይነካ ለልጅቷ እሱ ይሻላት ነበር። ግን ዋጋው ከፍ ይላል፣ የሚያዞረውም የሞላውን ዘንግ ስለሆነ ዘንግህ የሚቀበለው መሆን አለበት። ፎቶ ላክልኝና ልየው። የትኛውንም ብትገዛ ባትሪ ይኑረው። በ2017 በካሊፎርኒያ ቃጠሎ ጊዜ መብራት ጠፍቶ መኪናቸውን ማውጣት ያቃታቸው ሰዎች ነበሩ። ከ2019 ጀምሮ እዚያ ባትሪ የሌለው አዲስ ሞተር መሸጥ ተከልክሏል።

ራሴ እችላለሁ፦
ለቅዳሜ የቀጠርከው ሰው ስንት አለህ? እስኪ ንገረኝ፣ ከዚያ እንነጋገር።

ናፍቆት፦
እናንተ ስትከራከሩ ወንድሜ ደወለ። አባባ ራሱ ስልኩን ተቀበለ። «በሩን ተወው፣ ይልቅ አንተ መቼ ነው የምትመጣው?» አለኝ። ምን እንደምመልስለት አላወቅኩም።