ኮምፒውተሬ እስከ ግማሽ ደቂቃ ቀጥ ብሎ ቆሞ መልሶ ይሠራል፤ ምክንያቱ ምን ይሆን?

ጥያቄ፦ ከደሴ፣ ሆጤ

ጤና ይስጥልኝ። በቤቴ የምገለገልበት የጠረጴዛ ኮምፒውተር ከሁለት ወር ወዲህ ሳይታሰብ ቀጥ ብሎ ይቆምና፣ አንዳንዴ ለዐሥር ሰከንድ፣ አንዳንዴም እስከ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ካቆመበት ይቀጥላል። ራሱን አያጠፋም፤ ሰማያዊ ስክሪን (የዊንዶውስን የብልሽት መልእክት) አሳይቶም አያውቅም። በቆመበት ሰዓት የማውሱ ቀስት መንቀሳቀሱን አይተውም፤ ነገር ግን ምንም ብነካ አይከፈትም፣ በኪቦርድ የምጽፈውም አይታይም። ሲለቀው ታዲያ በጭፍን የመታኋቸው ፊደላት ሁሉ ተግተልትለው በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። በቀን ሦስት ጊዜ የሚቆምበት አለ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይቆም የሚውልበትም አለ።

ኮምፒውተሩን ያገለገለ ሆኖ ነው የገዛሁት። ራሙ (ጊዜያዊ ማስታወሻው) 4 ጊጋ ባይት ነበር፤ ሃርድ ዲስኩ የሚሽከረከረው ዓይነት ሆኖ 500 ጊጋ ባይት ይይዛል፤ የተጫነበትም ዊንዶውስ 10 ነው። መምህርት ነኝና ፈተና የማዘጋጀው በእርሱ ነው። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የእድራችን ፀሐፊ በመሆኔ የአባላቱ ወርኃዊ መዋጮ፣ ማን እንደከፈለና ማን እንደቀረበት ጭምር፣ በኤክሴል ተመዝግቦ በዚሁ ማሽን ውስጥ መቀመጡ ነው። ባለፈው ሳምንት መዝገቡን ሴቭ ሳደርግ ቆመብኝና፣ እስኪለቀው ድረስ እጄን ከማውሱ ላይ ሳላነሳ፣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

አንድ ጥገና ቤት ወስጄው ቫይረስ ነው ተብሎ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጫነበት፤ በሦስተኛው ቀን ቆመ። ሌላ ጥገና ቤት ደግሞ ራሙ አንሶ ነው ብለው ወደ 8 ጊጋ ባይት አሳደጉልኝ፤ ፍጥነቱ ተሻሻለ እንጂ መቆሙ አልቀረም። አሁን ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) ይቀየር እየተባልኩ ነው። አንድ ጎረቤቴ በበኩላቸው የደሴ ከፍታና ብርድ ለሃርድ ዲስክ አይስማማውም ይላሉ። ሌላ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ምክንያቱን በርግጠኝነት የምለይበት መንገድ ካለ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ፣ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ

እህቴ፣ አብሽሩ፤ ከጻፉት ተነሥቶ ብዙ መናገር ይቻላል። በሥራዬ ከማያቸው ብልሽቶች ሁሉ ያለ አግባብ ፎርማት የሚደረገውና ባለቤቱን ለከንቱ ወጪ የሚዳርገው በአብዛኛው ይኸኛው ነው።

ዋናውን ምልክት ራስዎ ነግረውናል። ቀስቱ ከተንቀሳቀሰና የመቷቸው ፊደላት ኋላ ተጠራቅመው ከወጡ፣ ፕሮሰሰሩም ራሙም በሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው፤ ፊደላቱን ተቀብለው ይዘዋቸዋል። የዘገየው ከሃርድ ዲስኩ የሚጠበቀው መልስ ነው። ዊንዶውስ ከዲስኩ አንድ ነገር ጠይቆ መልስ ሲያጣ መጠበቅ ይጀምራል፤ የመጠበቂያው ጊዜ ሲያልቅ ከዲስኩ ጋር ያለውን ግንኙነት አቋርጦ እንደገና ያስጀምረውና ጥያቄውን ይደግማል፤ በዚህኛው መልስ ካገኘ ሁሉም ነገር ካቆመበት ይቀጥላል። እርስዎ እንደ ግማሽ ደቂቃ ዝምታ የሚያዩት ይህንን ነው። ማዘርቦርድ ወይም ራም ሲበላሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው ሰማያዊ ስክሪን ነው፤ አለዚያም ማብሪያውን ተጭነው ካላጠፉት በቀር የማይለቅ መድረቅ ነው።

ከምርመራው በፊት፣ ዛሬውኑ፣ የእድሩን መዝገብና ፈተናዎቹን በሁለት የተለያዩ ፍላሾች ገልብጡ። ገልብጠው ብቻ አይተዉት፤ ፍላሹን በሌላ ሰው ኮምፒውተር ሰክተው ፋይሉ መከፈቱን በዐይንዎ ይዩ። ዲስክ የተጠረጠረበት ማሽን ላይ ከዚህ የሚቀድም ሥራ የለም።

ከዚያ ታስክ ማናጀርን (የኮምፒውተሩን ሥራ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ፕሮግራም) ከፍተው «ፐርፎርማንስ» በሚለው ገጽ ላይ ዲስኩን መርጠው በስክሪኑ ጥግ ይተዉት። አስቀድሞ መከፈት አለበት፤ ከቆመ በኋላ ልክፈተው ቢሉ አይከፈትም። ኮምፒውተሩ ሲለቀው ግራፉን ይመልከቱ። የዲስኩ የሥራ ጊዜ 100 በመቶ ደርሶ፣ የማንበብና የመጻፍ ፍጥነቱ ግን ዜሮ ሆኖ ከተገኘ፣ ዲስኩ ሥራ በዝቶበት ሳይሆን መልስ መስጠት ተስኖት ነው። ሥራ በዝቶበት ቢሆን ኖሮ ፍጥነቱም አብሮ ከፍ ብሎ ይታይ ነበር።

የቆመበትን ሰዓትና ደቂቃ በወረቀት ይጻፉ። ቀጥሎ የዊንዶውስን ቁልፍ ከኤክስ ጋር ተጭነው ኢቨንት ቪወርን (ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን) ይክፈቱ፤ «ዊንዶውስ ሎግስ» ከሚለው ሥር «ሲስተም» የሚለውን ይምረጡ። በጻፉት ደቂቃ ላይ ቁጥር 129 ካገኙ ዊንዶውስ ከዲስኩ ጋር ያለውን ግንኙነት እንደገና አስጀምሯል ማለት ነው፤ 153 ከሆነ ደግሞ ያልተሳካ ንባብ ወይም ጽሑፍ ተደግሟል ማለት ነው፤ 7 ከሆነ ዲስኩ ላይ የተበላሸ ቦታ ተገኝቷል። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ሰዓቱ እርስዎ ከጻፉት ጋር መግጠም አለበት።

በመጨረሻም የዲስክን ጤና የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለ ነፃ ፕሮግራም አውርደው፣ በ05፣ በሲ5፣ በሲ6 እና በሲ7 ረድፎች ላይ ያሉትን ቁጥሮች ጽፈው ይላኩልን። ፕሮግራሙ ሲከፈት ቁጥሮቹን ፊደል ቀላቅሎ በ16 ቤት ስለሚያሳይ፣ ከማዘዣው ውስጥ ወደ 10 ቤት ይቀይሩት።

የከፍታውን ነገር ጎረቤትዎ በቅንነት ነው ያነሱት፤ መሠረትም አለው። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ሽፋን ላይ ነውና አየሩ እጅግ ሲሳሳ ችግር ይፈጠራል። ይሁን እንጂ አምራቾች በአብዛኛው የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታ እስከ 3048 ሜትር ሲሆን፣ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ያላት ከፍታ 2500 ሜትር ገደማ ነው። ዲስክዎ ደሴ ስለተቀመጠ አልታመመም፤ ሐረጎን፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን ቁልቁለት፣ አውርደው እኛ ዘንድ ቢያመጡትም ያው ይሆናል።

መልስ፦ ከደሴ፣ ፒያሳ

የኮምቦልቻው ወንድማችን በደንብ አስረድተዋል፤ ሆኖም ኤሌክትሪኩ የተረሳ መሰለኝ። በእኛ ሰፈር እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት አምፖሉ ደብዘዝ ሲል በግልጽ ይታያል፤ ምጣድ ብዙ ኃይል ይስባልና። የእኔ ኮምፒውተር ከምጣዱ ጋር በአንድ መስመር በነበረበት ጊዜ ደጋግሞ ይጠፋብኝ ነበር፤ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ገዝቼ ተገላገልሁ። የሶኬት ማከፋፈያውንም ይመርምሩት፤ ውስጡ ያለው መዳብ ሲላላ ብልጭታ ይፈጥራል።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ፣ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ

ምክሩ ተገቢ ነው፤ ዩፒኤስ ለማንኛውም የጠረጴዛ ኮምፒውተር እደግፋለሁ። ነገር ግን እርስዎ የገጠመዎት መጥፋት ነው፣ የእህታችን ደግሞ መቆም ነው፤ የሁለቱ ሥረ ምክንያት ይለያያል። ፓወር ሰፕላይ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ባጠራቀመው ኃይል ማሽኑን ማቆየት የሚችለው በሺህኛ ሰከንድ ለሚቆጠር ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ኮምፒውተሩ ይጠፋል ወይም እንደገና ይነሣል፤ በሲስተም ሎጉ ውስጥም ቁጥር 41 ይመዘገባል። ኃይል አንሶት ለግማሽ ደቂቃ ቆይቶ የጻፉለትን ፊደል ሳይረሳ የሚቀጥል ኮምፒውተር አላየሁም።

ጠያቂዋ፦ ከደሴ፣ ሆጤ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያ መዝገቡን በሁለት ፍላሽ ገልብጬ፣ አንዱን በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ከፍቼ አረጋግጫለሁ። ያን ቀን ሌሊት በሰላም ተኛሁ።

ከዚያ ለአምስት ቀን ሰዓቱን ስመዘግብ ሰነበትሁ። ሰባት ጊዜ ቆሟል፤ ከሰባቱ በሁለቱ ብቻ ነበር ቤት ውስጥ ምጣድ የተጣደው። በሰባቱም ደቂቃዎች ላይ ቁጥር 129 ተመዝግቦ አገኘሁ፤ በሦስቱ ላይ 153 አብሮት አለ። ቁጥር 7 እና 41 የሉም። አንዱን ጊዜ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ፣ ታስክ ማናጀሩ ተከፍቶ ነበርና ግራፉ እንደተባለው ጣሪያውን ነክቶ፣ ከሥሩ ያለው የፍጥነት መስመር ግን ወለሉ ላይ ተኝቶ አየሁት።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ዲስኩ ጤነኛ ነው የሚል ሰማያዊ ምልክት ነው ያሳየኝ። 05፣ ሲ5 እና ሲ6 ሦስቱም ዜሮ ናቸው፤ ሲ7 ግን 214 ይላል። ጤነኛ እያለ ይህ ቁጥር ከየት መጣ?

መልስ፦ ከኮምቦልቻ፣ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ

ይህን ያህል በጥንቃቄ መዝግቦ የሚያመጣ ደንበኛ ባገኝ ሥራዬ ግማሹ ያልቅልኝ ነበር። ማዘርቦርዱን አይቀይሩ፤ ሃርድ ዲስኩንም ገና አይቀይሩ።

05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚቆጥሩት ራሱ ዲስኩ ላይ የደረሰውን ጉዳት ነው፤ ዜሮ መሆናቸው መልካም ዜና ነው። ሲ7 የሚቆጥረው ግን ዲስኩ ውስጥ የሆነውን ሳይሆን መንገድ ላይ የሆነውን ነው፤ ይኸውም በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል በሳታ ኬብል ሲተላለፍ ተበላሽቶ የደረሰውን ዳታ ይቆጥራል። ፕሮግራሙ ጤነኛ ነው ማለቱ ስለ ዲስኩ ትክክል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ኬብሉን ነው፤ ካልሆነም የሚሰካበትን ቀዳዳ።

ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ ከሶኬት ነቅለው፣ የጎን ክዳኑን ይክፈቱ። ከሃርድ ዲስኩ ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደውን ቀጭኑን ጠፍጣፋ ኬብል ይመልከቱ፤ ጫፉ ላይ የሚቆልፍ ብረት አለው ወይስ የለውም? በክዳኑ ተጨፍልቆ ወይም በሹል ተጣጥፎ ይሆን? በአዲስ ይቀይሩት፤ ሲገዙ ቆላፊ ያለውን ይምረጡ፤ የሳታ ኬብል ከ1 ሜትር መብለጥ የለበትም፣ ለእርስዎ ግን ግማሽ ሜትሩ ይበቃል። በዚያው ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን መሰኪያ ወደ ሌላኛው ቀዳዳ ያዛውሩት።

አንድ ነገር አይርሱ፦ ሲ7 ወደ ዜሮ አይመለስም። ኬብሉ ተቀይሮም 214 እንዳለ ይኖራል። የሚጠበቀው እንዲቀንስ ሳይሆን እንዳይጨምር ነው።

መልስ፦ ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

በእኔ ላይ የደረሰውን ብቻ ልጨምር። ተመሳሳይ መቆም ነበረብኝ፤ በእኔ በኩል ግን ሲ5 ከቀን ወደ ቀን ይጨምር ነበር፤ ሃርድ ዲስኩም በቆመ ቁጥር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማ ነበር። ይጠገናል ብዬ ዳታዬን ሳልገለብጥ ቼክ ዲስክ አስነሣሁበት። ይህ ትእዛዝ የተበላሸ ቦታ ፍለጋ መላውን ዲስክ ያነባልና የደከመው ዲስክ በመሃል ሙሉ በሙሉ አቆመ፤ የሦስት ዓመት የቤተሰብ ፎቶ አብሮት ሄደ። ሲ5 ዜሮ ያልሆነባችሁ አንባቢዎች እባካችሁ አስቀድማችሁ ገልብጡ።

ጠያቂዋ፦ ከደሴ፣ ሆጤ

የጠፋብዎት ነገር ልቤን ነካው፤ ስለነገሩን አመሰግናለሁ።

እሑድ ከወንድሜ ልጅ ጋር ክዳኑን ከፈትነው። ብሎኑን እርሱ በካቻቢቴ ሲፈታ እኔ የእጅ ባትሪ ይዤለት ነበር። ኬብሉ ቀይ ነው፤ በሃርድ ዲስኩ በኩል ያለው ጫፍ ቆላፊ ብረት የለውም፤ ፕላስቲኩም በአንድ ወገን ተሰንጥቋል። በጣቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። ከክዳኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታም ለሁለት ታጥፎ፣ እጥፉ ላይ ቀዩ ቀለም ነጣ ብሎ ነበር። ምናልባት ራም ለመጨመር ሲከፈት ሲዘጋ እየባሰበት ሄዷል። ከፒያሳ ቆላፊ ያለው አዲስ ኬብል ገዝተን ቀየርነው፤ ሲገባ ቀጭ ብሎ ያዘ። ቀዳዳውንም አዛወርነው።

ዛሬ ዐሥራ አንደኛ ቀኑ ነው። አንድ ጊዜም አልቆመም፤ ቁጥር 129 አልተመዘገበም፤ ሲ7ም እንዳለ 214 ነው። የቀረው ብራውዘር ስከፍት ለሁለት ሦስት ሰከንድ መንተፋተፉ ብቻ ነው።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ፣ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ

እንኳን ደስ ያለዎት። የሁለት ሦስት ሰከንዱ መዘግየት ብልሽት አይደለም፤ የሚሽከረከር ዲስክ ማንበቢያውን ከቦታ ቦታ እያንቀሳቀሰ ብዙ ትናንሽ ፋይሎችን ሲሰበስብ የሚወስደው ጊዜ ነው። ለማዘርቦርድ ይወጣ የነበረውን ገንዘብ አንድ ቀን በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ) ላይ ቢያውሉት እርሱም ይጠፋል፤ አጣዳፊ ግን አይደለም። ሲ7ን በወር አንድ ጊዜ ይመልከቱት፤ ከጨመረ ይጻፉልኝ።

ጠያቂዋ፦ ከደሴ፣ ሆጤ

እሺ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ። 214 የሚለውን ከነቀኑ ጽፌ በኮምፒውተሩ ጎን ላይ ለጥፌዋለሁ፤ እድሩ በሚሰበሰብበት ቀን ጠዋት መዝገቡን በፍላሽ ስገለብጥ አብሬ አየዋለሁ። ሁለተኛው ፍላሽም ከዛሬ ጀምሮ በገንዘብ ያዣችን ቤት ይቀመጣል።