ከሱቅ ዱቤ እንዴት ተላቀቃችሁ? ሕፃናት ያላችሁ በተለይ

የአራተኛ ፎቋ፣ ኮዬ ፈጬ

ሰላም ለዚህ ቤት። እኛ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነን። ትልቁ ልጄ አራት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ዘጠኝ ወሯ። ባለቤቴ መገናኛ ነው የሚሠራው። እኔ ከወለድኩ ወዲህ ቤት ነኝ። አንድ ደመወዝ፣ አራት አፍ።

ባለፈው ወር ደብተር ይዤ የምናወጣትን ሁሉ መጻፍ ጀመርኩ። ባለቤቴ «ኦዲተር ሆንሽ ደግሞ» ብሎ ሳቀብኝ። ወሩ ሲያልቅ ሁለታችንም ዝም አልን። ኪራዩና ታክሲው የታወቀ ነው። ያስደነገጠን ከታች ያለው ሱቅ ነው። ዘይት በሃይላንድ ተቀድቶ፣ ስኳር ሩብ ኪሎ፣ ዳይፐር በፍሬ። ሁሉም በዱቤ። የባለሱቁ ደብተር ላይ ስሜ እንኳን የለም፤ «4ኛ ፎቅ ሕፃኗ» ነው የሚለው። ገጹ ሞልቶ ወደሚቀጥለው ዞሯል። ልጄ ባለፈ ባገደመ ቁጥር የሚይዛት ብስኩትም እዚያው ተጽፋለች።

«በብዛት ግዢ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ደመወዝ ሲገባ ግማሹ ለዱቤ ይሄዳል፣ በምኑ ልግዛ? አንዴ ደግሞ ሞክሬያለሁ። ኃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ድረስ ሄጄ ሽንኩርት አመጣሁ። በረንዳ ላይ በፌስታል እንደታሰረ ትቼው ግማሹ በሰበሰ፣ ግማሹ በቀለ። ሸክሙን አራት ፎቅ ያወጣሁት እኔ ነኝ እንግዲህ።

እትዬ ከቡራዩ

ልጄ፣ ሽንኩርት በፌስታል አይቀመጥም። ዘርግተሽ፣ አየር በሚያገኘው ቦታ። ይሄ ይቅደም።

ዱቤ በአንድ ወር አይቆረጥም። እኔ አምስት ልጅ ሳሳድግ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። ባለሱቁን ፊት ለፊት ነገርኩት፤ «የድሮውን በሦስት ጊዜ እከፍልሃለሁ፣ ከዛሬ ጀምሮ ግን ብለምንህም እንዳትጽፍብኝ» አልኩት። ሁለቴ ለምኜዋለሁ። እምቢ አለኝ፣ ይባረክ።

ከዚያ በወር አንድ ነገር ብቻ በብዛት ግዢ። እኔ በሽሮ ነው የጀመርኩት። ሽንብራና አተሩን ገዝቼ፣ አምሼ፣ ከክቼ፣ ከነቅመሙ ወፍጮ ቤት ወሰድኩት። ሽሮ ያለበት ቤት ጦሙን አያድርም። በሁለተኛው ወር አምስት ሊትር ዘይት። ሸማቾች ዘይትና ስኳር ሲገባ ቶሎ ድረሺ። ልጅ ያዘለች ሰልፍ ላይ ታልፋለች፣ ጨዋ ሰው ካጋጠመሽ።

ጤፍ ለብቻሽ ኩንታል አትችዪም። ሦስት ጎረቤት ሆናችሁ ተካፈሉት። ጥር ላይ፣ አዝመራው ከገባ በኋላ፣ ረከስ ይላል። ዱከም ለናንተ ሩቅ አይደለም። ሩዝ አስቀላቅዪበት፣ ለሦስት እጅ ጤፍ አንድ እጅ። እንግዳ አያውቅብሽም። ሩዙ ከበዛ ግን እንጀራው በማግስቱ ይፈረካከሳል።

ምጣድሽን ደግሞ ተቆጣጠሪው። የመብራት ታሪፍ ብዙ በተጠቀምሽ መጠን ዋጋው እየጨመረ ነው የሚሄደው። ዛሬ አራት፣ ነገ አምስት እንጀራ እያልሽ ምጣዱን በየቀኑ ከዜሮ አታሙቂው። ሊጡን በአንዴ ጨርሺው። የመጨረሻው እንጀራ ላይ አጥፊው፣ በግለቱ ይበስላል። እኔማ ምጣዱ ሳይበርድ የሕፃን እህል አምስበት ነበር።

ስለ ሕፃን ካነሳሁ፣ ትንሿ የጣሳ ምግብ አያስፈልጋትም። ጡትሽን ቀጥዪ፣ ገንፎ ጨምሪላት። የሰፈር ሰው «12 ዓይነት እህል ካልገባበት» ይልሻል። አትስሚያቸው! ሦስት እጅ ገብስ ወይ አጃ፣ አንድ እጅ ሽንብራ፣ ታምሶ ይፈጫል። ሲበስል እንቁላል፣ በደንብ የደቀቀ ጎመን፣ ጠብ የምትል ዘይት። ማር ዓመት ሳይሞላት እንዳታቀምሻት። ቆሎ ለትልቁም ቢሆን ገና ነው፣ ያንቃል።

የቱሉ ዲምቱ አባት

እትዬ ጨርሰውታል። «በምኑ ልግዛ» ለሚለው ግን እኛን ያወጣን እቁብ ነው። መሥሪያ ቤት 12 ሆነን በሳምንት 500 ብር እንጥላለን፣ ሲደርስሽ 6,000። ዳኛውን ለምኜ ሁለተኛውን ዕጣ ወሰድኩ። ዱቤውን ዘጋሁበት፣ በተረፈው ዘይትና አንድ ትልቅ እሽግ ዳይፐር ገዛሁ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ መጣሉ ያማል፣ አልዋሽሽም። ግን ቀኑ የታወቀ ዕዳ ነው፣ እንደ ሱቁ ገጽ እየዞረ አይሄድም።

ዳይፐር ለሌሊት ብቻ አድርጉት፣ ቀን ጨርቅ። አሮጌ አንሶላ ቆርጠን ነበር የሰራነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን አልደርቅ ብሎ ቤቱ ሸተተ፣ ወደ ዳይፐር ተመለስን። ከመስከረም በኋላ ጀምሩት።

ደረጃ ቀያሪ

ብስኩቱን እኛ ያስቆምነው ልጁን በሌላኛው ደረጃ በማውረድ ነው። ሱቁን ካላየ አይጠይቅም። አሁን ግን ባለሱቁ ሲያየን ከበር ወጥቶ «ማሙሽዬ!» ብሎ መጣራት ጀምሯል።

የአራተኛ ፎቋ፣ ኮዬ ፈጬ

ሦስት ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። እትዬ፣ እንዳሉት ለባለሱቁ ነገርኩት። ብሩን ሳይሆን እኔን አየኝና «ከፎቅ ልትለቁ ነው እንዴ?» አለ። አይ፣ ልከፍልህ ነው አልኩት። የመጀመሪያውን ሦስተኛ ከፍያለሁ። ባለቤቴ እቁብ ገብቷል፣ ዕጣው ገና ነው።

ሽሮውን አስፈጨሁ። ወፍጮ ቤት ትልቁን ይዤው ሄጄ ሁለታችንም በርበሬ መስለን ተመለስን። ጤፉን ከሁለት ጎረቤት ጋር ልንካፈል ተስማምተናል፣ አንዷ ሩዝ አይግባ እያለች ነው፣ እሱ ላይ ተፋጠናል።

ትናንት ምጣዱን በእትዬ ምክር አጠፋሁት፣ ግን ቸኩዬ ሦስት ሲቀር። ሁለቱ ሊጥ ሆነው ቀሩ። ልጄ «ገንፎ ነው?» አለኝ።

እትዬ፣ አንድ ጥያቄ፦ ሽሮው በጣሳ ነው ወይስ በጨርቅ ከረጢት የሚሻለው? ሽንኩርቱ አስደንግጦኛል።