የዕቅድ ውይይት፦ ስለ «ስታንድ» ምን እናቅርብ?

ሰብሳቢ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ) ምሽቱ የጋራ ሐሳባችንን እስከ ዓርብ ማስገባት አለብን። እኔ የማንጋ ደራሲውን የሂሮሂኮ አራኪን ስታንድ፣ ማለትም ከሰው ጎን ቆሞ የሚዋጋለትን የገዛ መንፈሱን፣ እንያዝ ባይ ነኝ። ጆጆ የሚባለው ማንጋው የጀመረው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው፣ ስታንድ ግን የመጣው በ1989 በ3ኛው ክፍል። በየት በኩል እንግባበት?

አዲሱ አባል፦ በካይሮው ፍልሚያ ነዋ! ዋናው ጠላት ዲዮ ጊዜን ሲያቆም!

ጸሐፊዋ፦ እሱንማ ሁሉም ያውቀዋል። ከእስር ቤቱ እንጀምር። የ3ኛው ክፍል ጀግና ጆታሮ እስር ቤት ሆኖ «ክፉ መንፈስ ይዞኛል፣ አልወጣም» ብሎ ድርቅ ይላል። ማረጋገጫ ብሎ ሽጉጥ ራሱ ላይ ደግኖ ሲተኩስ ከውስጡ የወጣ እጅ ጥይቷን ለቀም ያደርጋታል። ይዞኛል ያለው ነገር ለካ የገዛ መንፈሱ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ታዲያ በአማርኛ «ዛር» ብንለውስ?

ጸሐፊዋ፦ አይሆንም፣ ዛር ከውጭ መጥቶ ነው የሚሰፍርብህ።

ሰብሳቢ፦ ውቃቢስ?

ጸሐፊዋ፦ ይቀርባል፣ ግን ውቃቢ ይርቃል እኮ። ስታንድ ሲቆስል ባለቤቱም አብሮ ይቆስላል፣ የት ይሄዳል? አራኪ ራሱ ቃሉን ከእንግሊዝኛ ነው የወሰደው፣ ከጎን ስለሚቆም። እንዳለ «ስታንድ» እንበለው፣ የውቃቢን ነገር መግቢያው ላይ እናንሳው፣ ሰው ቶሎ ይገባዋል።

ገንዘብ ያዥ፦ ተስማምቻለሁ። ግን ጉልበት ጉልበት ብቻ እንዳይሆንብን፣ እኔን የበላኝ የሆሊ ነገር ነው። የጆታሮ እናት፣ የዋህ፣ ሳቂታ፣ ጠብ የሚባል ነገር የሌለባት። ስታንዷን የምትገዛበት የተጋይነት መንፈስ ስለሌላት ሐረግ ሆኖ ጀርባዋ ላይ ይበቅልና ራሷን ይገድላት ጀመር። ወጥ ቤት ወድቃ ነው ያገኟት። 50 ቀን ብቻ ነው ያላት፣ እነ ጆታሮ ከጃፓን ካይሮ ድረስ የሚሮጡትም ዲዮን ገድለው ሊያድኗት ነው። የአባቷም ስታንድ እኮ እሾሃማ ሐረግ ነው፣ እሱ ግን ካሜራ እየሰባበረ የሩቅ ሰው ፎቶ ያነሳበታል።

አዲሱ አባል፦ ኧረ እኔ ሆሊን ዘልያት ነበር ያለፍኩት 😅 እሺ፣ ዲዮን ለቅቄያለሁ። ቢያንስ 5 ደቂቃ ስጡት።

ሰብሳቢ፦ 3። እንግዲህ ዋናው ሆሊ፣ መግቢያው እስር ቤቱ። ጽሑፉን አንቺ ያዢው፣ ምስሉን እኔ አወጣለሁ። ቀለም ማተሚያ ስንት ይፈጃል?

ገንዘብ ያዥ፦ በጥቁርና ነጭ። ማንጋ አይደል እንዴ?

ጸሐፊዋ፦ ሃሃ፣ እሺ። ደግሞ 4ኛውን ክፍል ያልጨረሰ ሰው አለ፣ እዚያ ያለው የኮይቺ ስታንድ፣ እንቁላሉ፣ መጨረሻው ምን እንደሚሆን እንዳታፈነዱ።