ለሞቃት ባሕርና ለጉዞ የሚሆን የዳይቪንግ ሰደርያ፦ የትኛውን ልግዛ?

አስጎብኚዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሥራዬ እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ይዞ መሄድ ነው። አምና ጅቡቲ አክስቴ ጋ ሄጄ የመጀመሪያውን የስኩባ ዳይቪንግ ኮርስ ጨረስኩ። እስካሁን 14 ጊዜ ጠልቄያለሁ። ያደግኩት ውሃ ዳር ነው፤ ከውሃ ሥር እንዲህ ያለ ዓለም መኖሩን ግን ያየሁት ገና አምና ነው። ኅዳር ላይ ተመልሼ እሄዳለሁ። እግዜር ካለ ከርሞ ደግሞ ግብፅ፣ ዳሃብ።

ያስቸገረኝ ሰደርያው ነው። ታንኩን ጀርባ ላይ የሚይዘው፣ አየር እየሞሉና እያስወጡ ውሃ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቁበት፣ ጠላቂዎች ቢሲዲ የሚሉት ማለቴ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ58፣ ክብደቴ 51 ኪሎ ነው። የተከራየሁት ሁሉ ይሰፋኛል። አየር ስሞላው ወደ ጆሮዬ ይወጣል። ታንኩ ወደ ጎን ይንጋደዳል። ዓሣ ማየቱን ትቼ ከሰደርያው ጋር ስታገል አየሬ ያልቃል። ስለዚህ የራሴን ልገዛ ነው። የትኛው ዓይነት ይሻለኛል? ሻንጣ ላይ የማይከብደውስ የቱ ነው? ጣና ላይ ልለማመድበት፣ በሥራ ቀን ደግሞ ጀልባ ላይ እንደ ላይፍ ጃኬት ልለብሰው አስቤያለሁ። ያስኬዳል?

ጅቡቲ የሰነበተው፦

እህቴ፣ እዚያ በጠላቂዎች ጀልባ ላይ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። እንዳንቺ ቀጭን የሆኑ ሰዎች ሁሉ የሚያነሱት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ከዓይነቱ በፊት ልኩን አስቢ።

ሱቅ ስትሄዪ የምትጠልቂበትን ልብስ ለብሰሽ ሞክሪው። ዘለበቶቹን ሁሉ እሰሪ። ከዚያ እስኪጠግብ ድረስ አየር ሙዪበት። ደረትሽን ጨምቆ መተንፈስ ከከለከለሽ ጠቦሻል። አንድ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ሲጎትተው ወደ አገጭሽ ከመጣ ሰፍቶሻል። ለሴት የተሠሩ አሉ፤ ጀርባቸው አጠር ይላል፣ የትከሻው ማሰሪያም ጡትን ዞሮ ነው የሚያልፈው። በእግር መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ ካለው ደግሞ ወደ ጆሮ መውጣቱ ያኔውኑ ይቆማል።

ዓይነቱን በተመለከተ፣ አብዛኛው የሚከራየው አየሩ ጎንና ጎንሽን የሚሞላው ጃኬት ነው። ውሃው ላይ ስትወጪ ቀጥ አድርጎ ይይዝሻል፤ ለጀማሪ ጥሩ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ከባድ ነው፤ 4 ኪሎና ከዚያም በላይ የሚመዝን አለ። ሁለተኛው አየሩ ከጀርባ ብቻ የሚሞላው ነው። ደረትሽና ሆድሽ ነፃ ይሆናል፤ ውሃ ውስጥ እንደ ዓሣ ጋደም ብለሽ ትሄጃለሽ። ለጉዞ ተብለው የሚሠሩት ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ናቸው፤ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ይመዝናሉ፣ ታጥፈውም ይገባሉ። ጉድለቱን ልንገርሽ፤ ውሃው ላይ ወጥተሽ አየር ከልክ በላይ ከሞላሽበት ፊትሽን ወደፊት ይገፋል። መፍትሔው አየሩን መቀነስና ወደ ኋላ ዘና ብሎ መንሳፈፍ ነው። ለመስመጥ ከምትይዢው የእርሳስ ክብደት ጥቂቱን ወደ ጀርባ ብታደርጊም ይረዳል። የብረት ሳህን፣ ማሰሪያና ከኋላ ፊኛ ያለው ሦስተኛም አለ፤ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፣ ግን ለሻንጣ ብረቱ ይከብዳል።

እኔ ብሆን ለአንቺ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ሻጩ ትልቅ የማንሳት አቅም ያለው ይሻላል ቢልሽ አትስሚ። የሙሉ ታንክ አየር ብቻውን ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሰደርያው የሚያካክሰው በዋናነት እሱንና ጥልቀት ሲጨምር የሚሳሳውን ልብስሽን ነው። 7 ሚሊ ውፍረት ያለው ልብስ ለብሶ ብዙ እርሳስ ለሚይዝ የቀዝቃዛ ባሕር ጠላቂ 20 ኪሎ ማንሳት ያስፈልገው ይሆናል። አንቺ ግን በ3 ሚሊ ልብስ ነው የምትገቢው። ከ10 እስከ 13 ኪሎ የሚያነሳ በቂሽ ነው። ትልቁ ፊኛ ውሃ ውስጥ ይጎትትሻል እንጂ አይጠቅምሽም።

ቁጠባ ወዳዱ፦

እኔ ደግሞ በመጀመሪያ የሚገዛው ሰደርያ አይደለም ባይ ነኝ። ፊትሽ ላይ ልክክ የሚል ማስክ (የመጥለቂያ መነጽር) እና የዳይቪንግ ኮምፒውተር ይቅደሙ። ኮምፒውተሩ ጥልቀትሽንና የቆየሽበትን ሰዓት የሚቆጥር፣ እጅ ላይ የሚታሰር ነው፣ አይከብድም፤ ከጉዳት የሚጠብቅሽም እሱ ነው። ኅዳር ላይ የምትሄጂው ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት ከሆነ ደግሞ እነሱን የሚያዩዋቸው በአብዛኛው ላይ ላዩን፣ በማስክና በስኖርክል (በመተንፈሻ ቱቦ) ነው። ለዚያ ታንክም ሰደርያም አትፈልጊም።

አስጎብኚዋ፦

ይህን አላሰብኩትም ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ። ማስክ አለኝ፣ ኮምፒውተር የለኝም። ስለ ጣናስ?

የቀይ ባሕር ጠላቂ፦

ጣናን እንደምትወጂው ገብቶኛል፤ ግን ለልምምድ አልመክርሽም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከ15 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ውሃው ደለል ስለሚይዝ እጅሽን ዘርግተሽ ጣትሽን ላታዪው ትችያለሽ። ዳር ዳሩን ቢልሃርዚያ አለ፤ እምቦጭ የያዘውም ቦታ አለ፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ። ባሕር ዳር መዋኛ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች አሉ። አስፈቅደሽ እዚያ አድርጊው። ታንክና ሬጉሌተር (ከታንኩ የሚተነፍሱበትን ዕቃ) ካላገኘሽም ሰደርያውን ለብሰሽ በአፍሽ መንፋት፣ ማስተንፈስ፣ ዘለበቱን ዓይንሽን ጨፍነሽ መፍታት ተለማመጂ። እጅሽ ቦታውን ካወቀው ግማሹ ሥራ አለቀ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ገንዳው ጨዋማ አይደለም። የባሕር ውሃ ወደ 2.5 ከመቶ ገደማ ይከብዳል፤ ስለዚህ ይበልጥ ያንሳፍፍሻል። አንቺ ከነሙሉ ዕቃሽ ወደ 75 ኪሎ ብትሆኚ ልዩነቱ ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። ገንዳ ውስጥ 2 ኪሎ እርሳስ ከበቃሽ ጅቡቲ ላይ ወደ 4 ኪሎ ትፈልጊያለሽ። እዚያ ስትደርሺ በመጀመሪያው ቀን ጥልቀት በሌለው ቦታ አረጋግጪው። ብዙ ሰው ሰደርያው ከፋ የሚለው እርሳሱን ስላበዛው ነው።

ጀልባ ነጂው፦

ልጄ፣ እኔ ዳይቪንግ የሚሉትን አላውቅም። ጀልባውን ግን አውቀዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ጣና እንዴት እንደሚሆን አንቺም ታውቂያለሽ። ኮሌታ ያለው ደህና ላይፍ ጃኬት ራሱን የሳተ ሰው ቢወድቅ እንኳ ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ እንዲይዝ ተብሎ ነው የሚሠራው። ያንቺው በአየር የሚሞላ ከሆነ፣ ጀልባ ላይ ባዶውን ለብሰሽው ድንገት ብትወድቂ ማን ይነፋልሻል?

የቀይ ባሕር ጠላቂ፦

ጋሼ ልክ ናቸው። ቢሲዲ ላይፍ ጃኬት አይደለም። ሰውየው ራሱን ቢስት ፊቱን ወደ ላይ ለማዞር አልተሠራም። ይህን ለእንግዶችሽም ንገሪያቸው።

አስጎብኚዋ፦

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ፤ ጀልባ ላይ ላይፍ ጃኬቴን እለብሳለሁ። አሁን ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛው፣ አምና በመጨረሻው ቀን ጠዋት ጠልቄ ማታውኑ ወደ ድሬዳዋ ተሳፍሬ ነበር። አውሮፕላን ስላልሆነ ምንም የለውም ብለውኝ ነው። ሁለተኛው፣ አዲስ አበባ አንድ ሰው ያገለገለ የጉዞ ሰደርያ ይሸጣል። ከጀርባ የሚሞላ ነው፣ የሴት ትንሹ ልክ። ልየው?

የቀይ ባሕር ጠላቂ፦

እህቴ፣ ያንን ሁለተኛ እንዳትደግሚው! ስትጠልቂ ከምትተነፍሺው አየር ገብቶ ሰውነትሽ ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን በመኪና ሄድሽ በአውሮፕላን ግድ የለውም። የሚያየው የአየሩን ግፊት መቀነስ ነው፤ ሳይወጣ ግፊቱ ከቀነሰ አረፋ ሆኖ ሊጎዳሽ ይችላል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ ባሕር ዳር 1,800፣ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ። ለአውሮፕላን የሚመከረው አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ወይም በተከታታይ ቀናት ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው። ወደ ደጋ በመንገድ ወይም በባቡር ስትወጪም ያንኑ ጠብቂ። እኔ ሙሉ አንድ ቀን እተዋለሁ። በዚያ ቀን ሰደርያሽን እጠቢ፣ አክስትሽን ተጫወቺ።

አጠባቡን ካነሳሁ፣ ውጩን ብቻ አትለቅልቂ። በኢንፍሌተሩ (አየር በሚሞላበት ቱቦ) በኩል ንጹህ ውሃ ወደ ውስጥ ጨምሪ፣ አየር ሙይው፣ ናጪው፣ ገልብጠሽ አፍስሺው። ጨው ውስጥ ከደረቀ ፊኛውን ይበላዋል፣ ቁልፉንም ያጣብቀዋል። ከዚያ ጥቂት አየር ትተሽበት ጥላ ውስጥ አንጠልጥይው። እርሳሱንና ታንኩን እዚያው ስለምትከራዪ አትሸከሚም።

ጅቡቲ የሰነበተው፦

ያገለገለውን እዪው፤ ልኩ ከሆነ ጥሩ ነው። ግን ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት እስኪወጠር ንፊውና ሌሊቱን አሳድሪው። ጠዋት ከላላ ይተነፍሳል፣ ተዪው። አየር መልቀቂያዎቹን አንድ በአንድ ጎትቻቸው፤ ስትለቂያቸው ወዲያው መዝጋት አለባቸው። የኢንፍሌተሩን ቁልፍ ታንክ ላይ ሰክተሽ ሞክሪው። ተጫኖ የሚቀር ቁልፍ አየሩን ሳታዝዢው ይሞላና ወደ ላይ ያስፈነጥርሻል። ገልብጠሽ ስትነቀንቂው ውሃ ወይም አሸዋ ከጮኸ ሳይታጠብ ነው የተቀመጠው። ሻጩ እንዲያድርልሽ ካልፈቀደ ሌላ ፈልጊ፤ እስከ ኅዳር ጊዜ አለሽ።