ከክሊኒኩ ጋር የምንረከበው ሶፍትዌር ማበረታቻ ያስገኛል?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ባለቤቴ ሐኪም ነው፤ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ጡረታ ከሚወጡ ዶክተር ትንሽ ክሊኒክ የታካሚዎች መዝገብ ከሚያዝበት ሶፍትዌር ጋር ልንረከብ ነው። የሶፍትዌሩ ወኪል «ፕሮግራሙ የተመሰከረለት ነው፤ የመንግሥት ማበረታቻም ያስገኛል» ይለናል። የቢሮውን ሥራ የምይዘው እኔ ነኝ። ምን ልጠይቀው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። የክሊኒክ ቢሮ መምራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ «ማበረታቻ» የሚለው ወሬ ግን ጊዜው ያለፈበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከ2011 ጀምሮ እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ለሚጠቀም አንድ ሐኪም ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) እስከ 44,000፣ ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው) ደግሞ እስከ 63,750 ዶላር ይከፍሉ ነበር። ያ ድግስ አብቅቷል፤ የሜዲኬይዱም በ2021 ተዘግቷል። አሁን ያለው ሚፕስ የሚባለው፣ ሜዲኬር ለሐኪሞች በተለያዩ ክፍሎች ነጥብ እየሰጠ ክፍያቸውን ከፍና ዝቅ የሚያደርግበት አሠራር ነው፤ አንዱ ክፍል የሶፍትዌር አጠቃቀም ነው። የዘንድሮው ነጥብ ከሁለት ዓመት በኋላ የሜዲኬር ክፍያችሁን እስከ 9 በመቶ ሊቀንስ ይችላል።

መጀመሪያ እናንተን ይመለከት እንደሆነ እዩ። ግዴታ የሚኖርባችሁ በሜዲኬር ክፍል ቢ (የሐኪም አገልግሎት በሚሸፍነው) በዓመት ከ90,000 ዶላር፣ ከ200 ታካሚዎችና ከ200 አገልግሎቶች፣ ሦስቱንም ስታልፉ ብቻ ነው። ሐኪሞቹ ከ15 የማይበልጡበት ክሊኒክ ደግሞ የሶፍትዌሩ ክፍል ነጥብ ያለ ማመልከቻ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች ይዛወርለታል። ለዚያ ክፍል መረጃ ከላካችሁ ግን ይህ ይቀራል። ስለዚህ ወኪሉ «መረጃውን እኛ እንልክላችኋለን» ሲል ቸኩላችሁ አትፈርሙ።

«የተመሰከረለት» የሚለውንም በቃል አትቀበሉ። ምስክሩ የሚሰጠው ለፕሮግራሙ ስም ብቻ ሳይሆን ለእትሙ (ለቨርዥኑ) ነው፤ የተመሰከረላቸው የሰፈሩበት የፌዴራል መንግሥት ዝርዝርም ለማንም ክፍት ነው።

የእኛን ጉድ ልንገርዎት። በማበረታቻው ዘመን የኦዲት ደብዳቤ መጣ። ሁሉን አሟልተናል ብለን ተዝናንተን ነበር፤ የታካሚዎች መረጃ ምን አደጋ እንዳለበት የሚፈተሽበት የደኅንነት ስጋት ግምገማው ግን የተጻፈው ዓመቱ ካለፈ በኋላ ነበር፣ ቀኑም ግርጌው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በዚያች አንዲት ጉድለት የዓመቱን ገንዘብ በሙሉ መለስን። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰማያዊ ክላሰር አለኝ፤ የኮምፒውተሮቹ ዝርዝር፣ ማን ምን መክፈት እንደሚችል፣ ሥራ የለቀቀ ሠራተኛ የይለፍ ቃሉ የተዘጋበት ቀን፣ ሁሉም ታትሞ እዚያ ይገባል፤ ስድስት ዓመትም አይጣልም። ከሚፕስ ነፃ ብትሆኑም ግምገማውን የታካሚ መረጃ ጥበቃ ሕጉ ሂፓ ያስገድዳችኋል። በምትረከቡት ሶፍትዌር ውስጥ ከሄዱ የቆዩ ሠራተኞች መግቢያ አሁንም ክፍት እንዳይሆን ፈትሹ።

አንድ የእኛ ሰው ጉዳይ ልጨምር። አንዲት እናት «በሃምሳ ተወለድኩ» ሲሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ እንግዳ ተቀባይዋ 1950 ብላ ስትጽፍ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ታስረጃቸዋለች፣ ከሜዲኬር መዝገብ ጋር አልገጥም ብሎም ክሊኒኩ የላከው የክፍያ ጥያቄ ሳይከፈል ይመለሳል። የሚመርጡት ቋንቋ በሚሞላበት ቦታም «ሄሎ» ስላሉ ብቻ እንግሊዝኛ ተብሎ ይሞላላቸዋል፤ አማርኛ እዚያው ዝርዝር ውስጥ እያለ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት ወኪሉን የእትሙን ቁጥር ብጠይቀው «እልክልዎታለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

መልስ፦ አይጠብቁት። ክሊኒኩ ሄደው ከስክሪኑ ላይ ራስዎ ያንብቡት፤ ከዝርዝሩ ጋር ሳያስተያዩም አይፈርሙ።