ከገንዳ ፓምፕ ራስ ላይ የሚንጠባጠብ መጋጠሚያ፦ በምን ልድፈነው?

ጠያቂ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ። የመዋኛ ገንዳችን ፓምፕ ላይ፣ ውሃው ወደ ማጣሪያው በሚወጣበት በኩል ያለው የፒቪሲ መጋጠሚያ ያንጠባጥባል። ሲሊኮን ቀባሁት። ሁለት ቀን ቆይቶ እንደ ቆዳ ተልጦ ወደቀ። ቧንቧው ባለ 2 ኢንች ነው። በምን ልድፈነው?

ጠጋኙ፦ ከመድፈንህ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ። የሚያንጠባጥበው ፓምፑ ሲሠራ ነው ሲቆም?

ጠያቂ፦ ሲሠራ ብቻ። ሳጠፋው ቀስ እያለ ያቆማል።

ጠጋኙ፦ እንግዲያው የግፊቱ በኩል ነው። በመሳቢያው በኩል ቢሆን ተቃራኒው ነበር፤ ሲሠራ አየር ይስባል፣ ሲቆም ውሃ ያንጠባጥባል። ከውጭ የምትቀባውን ሲሊኮን ውሃው ከውስጥ እየገፋ ይገነጥልብሃል። ገንዘብህን አታባክን።

እጀ ፈጣን፦ ለጊዜው ከሆነ በእጅ የሚለወሰው ኤፖክሲ አለ። ፓምፑን አጥፋ፣ ቦታውን አድርቅና በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው፣ ከዚያ ለውሰህ ዙሪያውን ጠቅጥቅበት። እኔ ጋ ለወራት ይዟል።

ባለገንዳ፦ ይቅርታ ላቋርጣችሁ። ፓምፑ በቅርቡ ያለ ውሃ ዞሮ ያውቃል?

ጠያቂ፦ አዎ! ባለፈው ሳምንት የገንዳው ውሃ ወርዶ ሳናውቅ ለሰዓታት በባዶ ሲዞር ነበር። ክዳኑ እጅ ያቃጥል ነበር። ግን ምን አገናኘው?

ባለገንዳ፦ በደንብ ነው የሚገናኘው። ፒቪሲ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳዋል። በባዶ የሚዞር ፓምፕ ደግሞ ውስጡ የቀረችውን ውሃ ያፈላታል። ፓምፑ ውስጥ የገባው የመጋጠሚያው ጥርስ ይለሰልስና ይኮማተራል፤ ክፍተቱ የመጣው ከዚያ ነው። ኤፖክሲም ቴፍሎንም አያድነውም፤ መጋጠሚያው ይቀየር።

መጀመሪያ ብሬከሩን አውርድ፣ ማብሪያውን ብቻ አጥፍተህ እንዳትነካው። ገንዳው ከፓምፑ ከፍ ያለ ከሆነ ቫልቮቹን ዝጋ፣ አለዚያ ውሃው ሁሉ ባንተ ላይ ነው። የማጣሪያውን አየር ማስወጫ ከፍተህ ግፊቱን አስወጣ። ከዚያ ቧንቧውን በሴጌቶ ቀጥ አድርገህ ቁረጥና መጋጠሚያውን ፍታው። እግረ መንገድህን ዩኒየን (በእጅ የሚፈታና የሚገጠም መጋጠሚያ) አስገባበት፣ ለሚቀጥለው ጊዜ መቁረጥ አይኖርብህም።

ጠጋኙ፦ ባለገንዳ ልክ ነው፣ እኔም ቶሎ አልመጣልኝም። ቴፍሎኑን ጥርሱ ላይ 3 ወይም 4 ዙር ጠምጥም፣ የመጋጠሚያውን ጫፍ ወዳንተ አዙረህ በሰዓት አቅጣጫ። በእጅ እስከሚችለው አጥብቀው፣ ከዚያ በቁልፍ አንድ ዙር ወይም ትንሽ ጨምርበት። ጉልበት ካበዛህ የፓምፑን አፍ ትሰነጥቀዋለህ፤ ወጪው ያኔ ነው።

ጠያቂ፦ ሙጫውስ?

እጀ ፈጣን፦ ቀብተህ ግጠመው፣ በ2 ሰዓት ውስጥ አስነሳው።

ጠጋኙ፦ ኧረ በ2 ሰዓት ውስጥ አይሆንም! ቧንቧው ውስጡም ውጭውም ደረቅ ይሁን። መጀመሪያ ፕራይመር (ፒቪሲውን ለሙጫው የሚያዘጋጅ ፈሳሽ)፣ ከዚያ ሙጫውን በሁለቱም በኩል ቀባ። ስትገፋው ሩብ ዙር አዙረውና 30 ሰከንድ ያህል ይዘህ ቆይ፤ ከለቀቅከው ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ 24 ሰዓት አትንካው።

ጠያቂ፦ ተመለስኩ። አሮጌው ሲወጣ ጉድ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው ጥርስ ተጨማዶ ቀጥኗል። ከአዲሱ ጎን ሳቆመው በዓይን ይታያል። 24 ሰዓት ጠብቄ አስነሳሁት። ወዲያው ዩኒየኑ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፣ ልቤ ቀጥ አለ! ከፍቼ ሳየው የጎማ ቀለበቱ ላይ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ቁጭ ብላለች። ጠርጌ መለስኩት፣ በእጅ ብቻ አጠበቅኩት። ከሥሩ የዘረጋሁት ካርቶን እስከ ማታ ደረቅ ነበር።

ባለገንዳ፦ ቀለበቱን ቫዝሊን እንዳትቀባው፣ ጎማውን ሊያሳብጠው ይችላል። የሲሊኮን ቅባት ነው የሚሆነው። የገንዳውንም ውሃ አልፎ አልፎ እይ እንጂ፣ ወንድሜ።